መለዋወጫ ከመግዛታችን በፊት ኮፈኑን እንክፈት

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

እንደምን ሰነበታችሁ። የምጽፍላችሁ ከጎንደር፣ ከማራኪ ነው። ሥራዬ ፊዚክስ ማስተማር ነው። ስለ መኪና መለዋወጫ ውድነት ያወጣችሁትን ጽሑፍ እኛ ቤት ተራ በተራ ነው ያነበብነው፤ በዚያው ሰሞን እኛም በዚሁ ነገር ተቃጥለን ነበርና። የጻፋችሁት ልክ ነው። ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ የዕቃ ዋጋ አልቀመስ ብሏል። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በዚያው ዓመት ጥር ላይ፣ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉ ተነግሯል። ስለዚህ ግቢያችን ውስጥ የቆመችው መኪና ምትክ የላትም። እሷኑ እየጠገንን ነው የምንኖረው።

ግን ጽሑፋችሁ ያልነካው ነገር አለ። እኛን የጎዳን የዕቃ መወደድ ብቻ አይደለም። ያልተበላሸ ዕቃ አውጥተን አዲስ መግዛታችን ነው። ይህን ደብዳቤ የምጽፈውም ለዚህ ነው።

መኪናችን ቶዮታ ራቭፎር ናት፣ በፈረንጅ 2007 ሥሪት፣ 2.4 ሊትር የቤንዚን ሞተር ያላት። ስድስት ነን የምንሳፈርባት። ነሐሴ ላይ የባለቤቴን እናት ለዓይን ምርመራ ልናመጣቸው ኮላ ድባ ሄደን ስንመለስ፣ አዘዞን አልፈን ዳገቱን ስንጀምር መኪናዋ መሳብ አቃታት። ነዳጅ ስትረግጣት ትንገጫገጫለች፣ ሞተሩ ይቆራረጣል፣ ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው የቼክ ኢንጅን መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች። እማማ ከኋላ ሆነው «ኧረ ልጆቼ አቁሟት፣ እንስሳም ቢሆን ሲደክመው ይቆማል» ይላሉ። ዝናቡ ይወርዳል። እንደምንም እየተንፏቀቅን ፒያሳ ደረስን።

በማግስቱ ጋራዥ ወሰድናት። የማንም ስም አላነሳም፣ የማማት ፍላጎት የለኝም። መካኒኩ ድምጿን ሰማና «የነዳጅ ፓምፕ ነው» አለ። ኮምፒውተር የሚባል ነገር አልሰካም፣ ኮፈኑን ከፍቶ ትንሽ አዳመጠ፣ በቃ። ፓምፑ ተቀየረ። ሦስት ቀን ደህና ሆነች፤ እነዚያ ሦስት ቀናት ፀሐይ የነበረባቸው ቀናት መሆናቸውን ያን ጊዜ ልብ አላልነውም። በአራተኛው ቀን ሌሊቱን ዘንቦ አድሮ ጠዋት ስናስነሳት ነዳጅ ሳይረገጥ፣ ሚኒሞ ላይ እንደገና መንቀጥቀጥ ጀመረች። መልሰን ወሰድናት። «እንግዲያው ኢንጀክተሩ ነው» ተባልን፣ ቤንዚኑን ወደ ሞተሩ የሚረጨው ማለት ነው። ኢንጀክተሩ ታጠበ። ለሁለቱ ሥራ የወጣው ገንዘብ የእኔን የአንድ ወር ደሞዝ በልቶ አለፈ፣ መኪናዋ ግን ያው ናት። በሦስተኛው ስንመለስ አራቱም ኮይል ይቀየር አሉን። የወጣውን ፓምፕ ስጠኝ ብዬ ብጠይቀው «ምን ያደርግልሻል መምህርት፣ ጥለነዋል» አለኝ። ያ ፓምፕ በእርግጥ ተበላሽቶ እንደነበረ እስከ ዛሬ አላውቅም። ያናደደኝም ከገንዘቡ ይልቅ ይሄ ነው።

ያን ዕለት ማታ የእህቴ ልጅ መጣ። ከተሽከርካሪ ጋር ሥራ የለውም፣ ግን ስልኩ ላይ የምትገናኝ ትንሽ ማንበቢያ አለችው። ከመሪው ሥር 16 ቀዳዳ ያላት ሶኬት አለች፣ እዚያ ትሰካለች። «አክስቴ፣ መጀመሪያ መኪናዋን ራሷን እንጠይቃት» አለኝ። ሰካት፣ አነበበች። ፒ0303 አለች። ይህ ኮድ በሦስተኛው ሲሊንደር፣ ቤንዚኑ ከሚነድድባቸው አራት የሞተሩ ክፍሎች በሦስተኛው ውስጥ፣ ቤንዚኑ በደንብ እየተቃጠለ አይደለም ማለት ነው። የመጨረሻው ቁጥር ሲሊንደሩን ይነግራል፤ ፒ0301 ቢሆን አንደኛው፣ ፒ0304 ቢሆን አራተኛው። ፒ0300 ከሆነ ደግሞ አንድ ቦታ ላይ ያልረጋ፣ እዚህም እዚያም የሚል ችግር ነው። መኪናዋ መልሱን ይዛ ስትጠብቀን ኖራለች። የጠየቃት ሰው ጠፍቶ ነው።

እንግዲህ ኮይል ምን እንደሆነ ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ ልንገር፣ አስተማሪ ነኝና ዝም ማለት አልችልም። ባትሪያችን 12 ቮልት ነው። ሞተሩ ውስጥ ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው ካንዴላ ነው፣ በ12 ቮልት ግን ካንዴላው ጫፍ ላይ እሳት አይዘልም፤ በሺዎች ሳይሆን በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ቮልት ያስፈልጋል። ይህን ቮልት የሚፈጥርለት ኮይሉ ነው። ኮይሉ ውስጥ ሁለት የመዳብ ጥምጥም አለ፣ አንዱ ጥቂት ዙር፣ ሌላው ብዙ ሺህ ጊዜ የተጠመጠመ ቀጭን ሽቦ። በመጀመሪያው የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ድንገት ሲቋረጥ መግነጢሳዊው ኃይል ይፈርሳል፣ ሲፈርስም በሁለተኛው ጥምጥም ላይ ያ ትልቅ ቮልት ይወለዳል። ፋራዴይ በፈረንጅ 1831 ያሳየው ነገር ይኸው ነው፣ እኛም በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ እየጻፍን የምናስተምረው። ሞተሩ በደቂቃ 3000 ሲዞር አንድ ኮይል በሰከንድ 25 ጊዜ ይህን ያደርጋል። ያውም ከሚነድድ ሞተር አናት ላይ ተቀምጦ። ቢደክም አይፈረድበትም።

አራት ሲሊንደር ባላት መኪና አንዱ ሲሞት ሩብ ጉልበት ይሄዳል። ጎንደር ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት፣ አየሩ ስስ ነው፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር ገና ከመነሻው አንድ አምስተኛ ያህል ጉልበቱን ያጣል። በዚያ ላይ ሩቡ ሲጨመር ዳገት ላይ እንዴት እንደሚያስጨንቅ አስቡት። ሌላም ጣጣ አለው። ያልተቃጠለው ቤንዚን ዝም ብሎ ወደ ጭስ ማውጫው ይሄዳል፣ እዚያ ያለውን ካታሊቲክ፣ የጭሱን መርዝ የሚቀንሰውን ዕቃ፣ ያግለዋል፣ ያበላሸዋል። መብራቷ ብልጭ ድርግም ስትል ማስጠንቀቂያው ለዚህ ነው። ቆማ ከምትበራው የከፋች ናት። ብልጭ ድርግም ካለች ነዳጅ አትርገጡ፣ ቀስ ብላችሁ አቅራቢያችሁ ወዳለ ቦታ አድርሷትና አቁሟት። ቤንዚን ለመቅዳት ስንት ሰዓት እንደምንሰለፍ ሁላችንም እናውቃለን፤ ያን በወረፋ የተገኘ ቤንዚን ሳይቃጠል በጭስ ማውጫ መድፋት አንጀት ያቆስላል።

ቅዳሜ ጠዋት ሞተሩ ቀዝቅዞ ባደረበት ግቢያችን ውስጥ ኮፈኑን ከፈትን። ሞተር ቀዝቃዛ መሆን አለበት፤ ቴስታታው፣ ካንዴላው የሚታሰርበት የሞተሩ አናት፣ አሉሚኒየም ስለሆነ ትኩስ እያለ ካንዴላ ብትፈቱ ጥርሱ ሊበላ ይችላል፣ ያኔ የኮይል ዋጋ ይናፍቃችኋል። ኮዱን ወረቀት ላይ ጻፍን፣ ከዚያ በኋላ ነው የባትሪውን ኔጌቲቭ የፈታነው። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፣ ባትሪው ቀድሞ ከተፈታ ኮዱ ይጠፋል።

ከላይ ያለውን የፕላስቲክ ክዳን አነሣን። አራቱ ኮይሎች ተሰልፈው ይታያሉ። በኛ መኪና ቁጥር 1 የሚባለው በቺንጋው በኩል ያለው ነው፣ ከዚያ ወዲህ ይቆጠራል። እያንዳንዱን የያዘው አንድ ብሎን ብቻ ነው፣ በ10 ቁልፍ ይፈታል። በቃ፣ አንድ ብሎን! ስንት ብር ተከፍሎበት ስንት ቀን የቆመች መኪና።

የሚያስቸግረው ብሎኑ ሳይሆን የሽቦው ሶኬት ነው። መቆለፊያዋን ተጭኖ ራሱን ሶኬቱን ይዞ መሳብ እንጂ ሽቦውን መጎተት አይገባም። ፕላስቲኩ በዓመታት ሙቀት ደርቋል፣ እንደ ቆሎ ነው የሚሰበረው። የአንዷ መቆለፊያ በእጄ ላይ ቅጭ ልትል ስትል የእህቴ ልጅ በካቻቢቴ ጫፍ ቀስ አድርጎ አላቀቃት። ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላ ኮይሉን ትንሽ ግራ ቀኝ አዙሮ ቀጥ አድርጎ ወደ ላይ ማውጣት ነው። አቧራው ካንዴላው ወዳለበት ጉድጓድ እንዳይወርድ መጀመሪያ በልጆቹ የብስክሌት ፓምፕ ዙሪያውን አጸዳነው። አቧራ ወደ ሲሊንደር ከገባ ፒስተኑን ይፍቃል።

ሦስተኛውን ሳወጣው ጫፉ ዘይት ጠጥቶ ወጣ። ጎማው አብጧል፣ ጎኑ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ጥቁር መስመር አለ። ያ መስመር እሳቱ ወደ ካንዴላው መሄዱን ትቶ በጎማው ስንጥቅ ወደ ብረቱ ሲያመልጥ የጻፈው ነው። ጉድጓዱ ውስጥ በባትሪ መብራት ስናይ ዘይት ተኝቷል። ዝናብ ሲዘንብ የምትብሰው፣ ፀሐይ ሲወጣ የሚሻላት ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። እርጥበቱ እሳቱ የሚያመልጥበትን መንገድ ያቀልለታል። በነገራችን ላይ፣ ላቫጆ ወስዳችሁ ሞተሩን በኃይለኛ ውኃ የምታስጠርጉ ሰዎች ብታስቡበት ደግ ነው። ውኃው ገብቶ የሚተኛው እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ነው።

ይሁን እንጂ አየነው ብለን ወዲያው አዲስ ልንገዛ አልሮጥንም። ጋራዡ በግምት ሠራ ብዬ እየተናደድኩ እኔም በግምት ብሠራ ምን ይባላል? ጉድጓዱን በንጹሕ ጨርቅ አደረቅን፣ የኮይሉንም ጫፍ ጠረግን። ከዚያ የሦስተኛውን ኮይል ሁለተኛው ላይ፣ የሁለተኛውን ሦስተኛው ላይ አደረግን። መልሰን አሰርን፣ ባትሪውን መለስን፣ የድሮው ኮድ መጥፋቱን አረጋገጥን፣ አስነሣናት። ወዲያው መንቀጥቀጥ ጀመረች። ጥቂት ቆይተን ስናነብ ፒ0302 አለች። ችግሩ ከኮይሉ ጋር አብሮ ተዛወረ ማለት ነው! ኮዱ ሦስተኛው ላይ ቢቀር ኖሮ ነገሩ ከካንዴላው፣ ከኢንጀክተሩ ወይም ከሌላ ነገር ነው ብለን እንፈልግ ነበር። ይህ ሁሉ ሙከራ ምንም አልከፈልንበትም። አንድ ሰዓት ያህል ነው የፈጀብን።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እለምናለሁ። ብዙ ሰው ሞተሩ እየሠራ ኮይሉን በእጁ እየነቀለ እሳት መኖሩን ሲፈትን አይቻለሁ። አታድርጉት። ሰውየውን ክፉኛ ይመታዋል፣ ልቡ የታመመ ሰው ከሆነማ ለሕይወቱም ያሰጋል፣ ኮይሉንና የመኪናውን ኮምፒውተርም ሊያበላሽ ይችላል። በኦም ሜትር መለካትም እዚህ ብዙ አይረዳም። የኛ ዓይነቱ ኮይል አራት ሽቦ የሚገባበት ነው፣ ማብሪያ ማጥፊያው ኤሌክትሮኒክስ እዚያው ውስጡ ስላለ የጥምጥሙን ልክ በቀላሉ አታገኙትም። ማቀያየር ይሻላል።

ዕቃውን ጎንደር ውስጥ ፈለግን፣ ያገኘነው ያላመንበት ነበር። የጃፓኑ አምራች የዴንሶ ስም ተጽፎበታል፣ ጽሑፉ ግን በጣት ሲታሽ ይለቅቃል፣ ክብደቱም ከአሮጌው ይቀላል። ሻጩ ኮፒ ነው ቢለን ቅር አይለኝም ነበር፣ ኦሪጅናል ብሎ በኦሪጅናል ዋጋ ሊሸጥልን መፈለጉ ነው ያሳዘነኝ። በመጨረሻ አዲስ አበባ ያለ ዘመድ መለዋወጫ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ሄዶ፣ የአሮጌውን ፎቶና ቁጥር እያስተያየ ገዝቶ በአውቶቡስ ላከልን። ስትገዙ የአሮጌውን ቁጥር ይዛችሁ ሂዱ። የሞዴሉ ስም ብቻ አይበቃም፣ በአንድ ስም የሚጠሩ መኪኖች ሞተራቸው ይለያያል።

አራት ኮይል አልገዛንም፤ አንድ ነው የገዛነው። አራቱም ዕድሜያቸው እኩል ስለሆነ አብረው ይቀየሩ የሚል ሰው አለ፣ ገንዘብ ካለው አልቃወምም። የኔ ሐሳብ ግን የሞተውን ብቻ ቀይሮ፣ አቅም ሲገኝ አንድ ትርፍ ገዝቶ መኪና ውስጥ ማስቀመጥ ነው። የትኛው ሲሊንደር እንደሆነ ከታወቀ መንገድ ዳር አሥር ደቂቃ ነው ሥራው። ካንዴላ ግን አራቱንም አብረን ቀየርን። ክፍተቱ የሰፋ አሮጌ ካንዴላ ኮይሉን ከአቅሙ በላይ ያስጮኸዋልና አዲስ ኮይል በአሮጌ ካንዴላ ላይ ማሰር ገንዘብ መጣል ነው። ካንዴላውን በእጅ ነው የምታስጀምሩት፣ ቡሶላውን ብቻ በጣት እያዞራችሁ። እንቢ ካለ አውጥታችሁ እንደገና ሞክሩ፣ በጉልበት አታስገቡት። በእጅ ገብቶ ቁጭ ካለ በኋላ አዲስ ካንዴላ ግማሽ ዙር ያህል ሲጠብቅ ይበቃዋል። የኮይሉ ብሎን ደግሞ ትንሽ ናት፣ እንደ ጎማ ዳዶ አትታገሏት። የኮይሉ ጎማ ውስጥ ስስ አድርገን ሲሊኮን ግሪስ ቀባን፣ ቁጭ አደረግነው፣ ሶኬቱን ቀጭ እስኪል ገፋነው።

ቁልፉን ያዞሩት እማማ ናቸው። እኔ ነኝ የማስነሣው አሉ፣ ማን ይከለክላቸዋል። ሞተሩ ተነሣ፣ ጸጥ አለ፣ ሚኒሞው ላይ ውኃ ብታስቀምጡበት አይፈስም። «ተመስገን፣ ትንፋሿ ተመለሰ» አሉ።

የዘይቱ ነገር ግን አላለቀም ነበር። ዘይቱ ወደ ጉድጓዱ የሚገባው የቴስታታው ክዳን ማሸጊያ፣ ጋስኬቱ፣ እና የካንዴላ ጉድጓዱን የሚከብበው ጎማ ስለደረቀ ነው። እሱን ትቶ ኮይል ብቻ መቀየር፣ ጣሪያው እያፈሰሰ ወለል መወልወል ነው። ይህን እኔ አልደፈርኩም፣ ወደ ሌላ መካኒክ ወሰድኩት። ይህኛው ከመጀመሩ በፊት ኮፈኑ ሥር አቁሞ አሳየኝ፣ የወጣውን ደረቅ ጋስኬት በጋዜጣ ጠቅልሎ ሰጠኝ፣ ስንት ብር እንደሆነም ሳይፈታ በፊት ነገረኝ። እንዲህ ያለ ባለሙያ ከተማችን ውስጥ አለ። ስለዚህ ደብዳቤዬን ያነበበ ሰው መካኒክን በሙሉ የጠላሁ እንዳይመስለው። ፍሬንና የነዳጅ መስመር እኔም ቤት ውስጥ አልነካም። ስድስት ሲሊንደር ባላቸው ብዙ መኪኖች ደግሞ የኋለኞቹ ሦስት ኮይሎች ከአየር ማስገቢያው ሥር ስለሚደበቁ ለጀማሪ አይመከርም። በናፍጣ የሚሠራ መኪና ያላችሁ ይህ አይመለከታችሁም፣ ናፍጣ በእሳት ብልጭታ ሳይሆን በመጨመቅ ነው የሚነድደው፣ ኮይል የሚባል ነገር የለውም።

የምጠይቀው ትንሽ ነው። ጋራዦች ዕቃ ከመቀየራቸው በፊት ኮዱን ለባለመኪናው ያሳዩት። የወጣውን አሮጌ ዕቃ ይመልሱለት፣ ንብረቱ የሱ ነው። ከተማ አስተዳደሩ ለጋራዥ ፈቃድ ሲሰጥና ሲያድስ እነዚህን ሁለት ነገሮች እንደ ግዴታ ቢያስገባቸው ለአስተዳደሩ ብዙ ወጪ የለውም። መለዋወጫ ሻጮችም ኮፒውን ኮፒ በሉን፣ እኛም አቅማችንን አይተን እንምረጥ።

እናንተን ደግሞ በሳምንት አንዲት ጠባብ ዓምድ እለምናችኋለሁ። ባለመኪናው ራሱ ሊያየው ስለሚችለው ነገር የምትጽፍ፣ ስለ ባትሪ፣ ስለ ማቀዝቀዣ ውኃ፣ ስለ መብራቶቹ ትርጉም። የሚጽፍ ባለሙያ ብታጡ ጎንደር ውስጥ ያንን ጋስኬት የሰጠኝን ሰው ላናግርላችሁ እችላለሁ፣ እሱ ይናገራል እኔ እጽፋለሁ። አሮጌውን ኮይል በመጋዝ ለሁለት ሰንጥቄዋለሁ፣ ጥምጥሙ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ኢንዳክሽን ላይ ስንደርስ ለተማሪዎቼ ላሳይ ነበር ያሰብኩት፣ ለጋዜጣው ፎቶ ከፈለጋችሁት ግን አንሥቼ እልክላችኋለሁ።

አክባሪያችሁ
የፊዚክስ መምህርት፣ ማራኪ፣ ጎንደር